ሬሳ የሌለው ክስ፡- የዓሣ ስንጥብ፣ ሆርሞንና ሕግ

«ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ ተረቱን ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ አለቆቻችን ስናወራ እንጂ ስለ ዓሣ ስናስብ አይደለም፡፡ ዛሬ ግን ስለ ራሱ ስለ ዓሣው ልጽፍ ነው፡፡ የምጀምረውም ከጭንቅላቱ ኋላ፣ በስስ የአጥንት ክዳን ሥር ከተሸሸገው ቀይ አካል ነው፡፡ ዓሣ ገዢ ትኩስነቱን ለማወቅ ክዳኑን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ቅላቱን የሚያየው ያ አካል ስንጥብ ይባላል፡፡

«የሕግ ሰው በዓሣ ስንጥብ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፡፡ የሚያገባኝ በሙያዬ በኩል ነው፡፡ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር፣ ከመዝገብ ሁሉ ከባዱ ጉዳቱ በዓይን የማይታይበት መዝገብ ነው፡፡ ዓሣ ተመርዞ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲንሳፈፍ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ የበላይ አካል ይጠይቃል፡፡ ዓሣው ሳይሞትና መልኩ ሳይለወጥ፣ በስንጥቡ ሴሎች ውስጥ የሚተላለፍ አንድ መልእክት ብቻ ቢበላሽስ? በዚያም የተነሳ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ መርዙ ከተረጨበት ቦታ ብዙ ርቆ፣ ባሕር ውስጥ ቢጠፋስ? ሬሳው የለም፡፡ ከሳሽ ማን ይሆናል? ማስረጃውስ ከየት ይመጣል? ይህ የትምህርት ቤት እንቆቅልሽ አይደለም፤ ካናዳ ውስጥ በእርግጥ የተነሳ ጥያቄ ነው፡፡ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስንጥብ ምን እንደሚሠራና ትእዛዝ የሚቀበለው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል፡፡

ስንጥብ ኬላም ነው

ዓሣ በስንጥቡ እንደሚተነፍስ ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል፡፡ እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው፡፡ ስንጥብ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ወደ ደም ለማስገባት ቆዳው እጅግ ስስ መሆን አለበት፡፡ ኦክስጅን በቀላሉ የሚያልፍበት ስስ ቆዳ ደግሞ ውሃና ጨውም ሾልከው የሚያልፉበት ነው፡፡ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡

የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ደም የጨው መጠን ከባሕር ውሃ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፡፡ የወንዝ ውሃ በአንጻሩ ጨው የለውም ቢባል ይቀላል፡፡ ስለዚህ ወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ሳይፈልግ ውሃ ይገባበታል፣ ጨውም ይሾልክበታል፡፡ ባሕር ውስጥ ያለው ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ ውሃው ከሰውነቱ ይሸሻል፣ ጨውም ይገባበታል፡፡ በውሃ ተከቦ ውሃ የሚጠማው ፍጡር ቢኖር የባሕር ዓሣ ነው፡፡

መፍትሔውም እንደ ችግሩ ሁለት ነው፡፡ የወንዝ ዓሣ ውሃ እምብዛም አይጠጣም፤ ቀጭን ሽንት በብዛት ይሸናል፤ ያጣውን ጨው ከወንዙ ውሃ ለቅሞ የሚያስገባለት ስንጥቡ ነው፡፡ የባሕር ዓሣ የባሕር ውሃ ይጠጣል፤ ሽንቱ ጥቂት ነው፤ አብሮ የገባውን የምግብ ጨው መልሶ ወደ ባሕር የሚወረውርለት አሁንም ስንጥቡ ነው፡፡ እንግዲህ ስንጥብ መተንፈሻ ብቻ ሳይሆን እንደ ጉምሩክ ኬላም ይሠራል ማለት ነው፡፡ በወንዝ ትእዛዙ «አስገባ»፣ በባሕር ደግሞ «አስወጣ» ነው፡፡ ትእዛዙን ያቀያየረ ዓሣ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፡፡

ጨው አጓጓዡ ሴል

በዚህ ኬላ ላይ የሚሠሩት የስንጥቡ ሴሎች ሁሉ አይደሉም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1932 አንሰል ኪስና ኤድዋርድ ዊልመር የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ ኢል በሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ስንጥብ ላይ ባደረጉት ምርመራ ጨው የሚያስወግዱ ልዩ ሴሎች መኖራቸውን አስታወቁ፡፡ ይህ ኪስ በኋላ በምግብ ቅባት፣ በኮሌስትሮልና በልብ ሕመም ላይ ባካሄደው ጥናት ስሙ የገነነው ሰው ነው፡፡

ሴሎቹ ብዙ ጉልበት ስለሚፈጁ በኃይል ማመንጫ ቅንጣቶች የተጨናነቁ ናቸው፡፡ ባሕር ውስጥ ሥራቸው በሦስት መሣሪያዎች ይካሄዳል፡፡ የመጀመሪያው የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ነው፡፡ ይህ ፓምፕ በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ፤ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ከሸርጣን ነርቭ ላይ አግኝቶት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል፡፡ ፓምፑ ሶዲየምን ከሴሉ ውስጥ ወደ ደሙ በኩል እየገፋ ሴሉን በሶዲየም ያስርበዋል፡፡ ሁለተኛው መሣሪያ በዚያ ረሃብ ተጠቅሞ ከደሙ ክሎራይድን ወደ ሴሉ ጎትቶ የሚያስገባ አጓጓዥ ነው፡፡ የልብና የግፊት ሕመምተኞች የሚውጡት ላሲክስ የተባለው ክኒን ኩላሊት ውስጥ የሚያግደው የዚህን አጓጓዥ ወንድም ነው፡፡ ሦስተኛው ክሎራይዱን ወደ ባሕሩ የሚለቀው በር ሲሆን፣ ሶዲየሙ ደግሞ በሴሎቹ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ሾልኮ ይከተለዋል፡፡

ሦስተኛው በር በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፡፡ ሰዎች ላይ በውርስ ሲበላሽ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋና ላብን ጨዋማ የሚያደርግ በሽታ ያስከትላል፡፡ ኃላፊነቱን የሚወስደው ጂን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፡፡ እንግዲህ የዓሣውን ስንጥብ ስንመረምር የራሳችንንም ሳንባና ኩላሊት እየመረመርን ነው፡፡

ሰርኩላሩና መዝገብ ቤቱ

ለመሆኑ ሴሉ «አስገባ» ወይስ «አስወጣ» እንደተባለ በምን ያውቃል? ተረቱ ሳያስበው እውነት የሚናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ትእዛዙ በአመዛኙ የሚመጣው ከጭንቅላት ነው፡፡ በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች፡፡ ከእነዚህም አንዱ በኩላሊቱ የፊት ክፍል ያሉትን ሴሎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጩ ያዛል፡፡

ሆርሞን እንደ ሰርኩላር ደብዳቤ ነው፡፡ ለሁሉም መሥሪያ ቤት ይበተናል፤ ደም ወደሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል፡፡ ነገር ግን ደብዳቤ ተጻፈ ማለት ተፈጸመ ማለት አለመሆኑን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል፡፡ ደብዳቤው በገቢ መዝገብ ላይ ካልሰፈረና የሚመለከተው ክፍል ካልተቀበለው ወረቀት ነው፡፡ በሴል ዘንድ የመዝገብ ቤቱን ሥራ የሚሠራው ተቀባይ ፕሮቲን ነው፤ ሳይንቲስቶቹ ሪሴፕተር ይሉታል፡፡ ተቀባይ የሌለው ሴል ሆርሞኑ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ አያውቀውም፡፡ ጥቂት ተቀባይ ያለው በለሆሳስ ይሰማል፤ ብዙ ተቀባይ ያለው አጥርቶ ይሰማል፡፡ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበል፡፡ የትእዛዙን ክብደት የሚወስነው የላኪው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ብዛት ነው፡፡

መዝገብ ቤቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፡፡ እንደ ፕሮላክቲንና የዕድገት ሆርሞን ያሉት መልእክተኞች ትልልቅ ፕሮቲኖች ስለሆኑ የሴሉን ግድግዳ አያልፉም፡፡ ተቀባያቸው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፡፡ ደብዳቤው ሲደርሰው በግድግዳው ውስጠኛ ወገን የተቀመጠውን ጃክ የተባለ ኢንዛይም ያነቃል፡፡ ጃክ ስታት በተባለው ሌላ ፕሮቲን ላይ የፎስፌት ምልክት እንደ ቲተር ይመታበታል፤ ቲተር የተመታበት ስታት ወደ ሴሉ እምብርት ገብቶ የሚፈለጉትን ጂኖች ያስከፍታል፡፡ ኮርቲሶል ግን ከስብ ወገን ስለሆነ ዘበኛ ሳያቆመው በግድግዳው ያልፋል፡፡ ተቀባዩን የሚያገኘው ውስጥ ነው፤ ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው ወደ እምብርቱ በመግባት በቀጥታ ጂኑ ላይ ያርፋሉ፡፡

ይህ ሁሉ በግምት የተነገረ እንዳይመስል አንድ ሙከራ ልጥቀስ፡፡ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ግሬስ ፒክፎርድ ኪሊፊሽ ከሚባለው፣ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ትንሽ ዓሣ ፒቱታሪውን ታወጣ ነበር፡፡ ፒቱታሪ የሌለው ይህ ዓሣ በጨው ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፡፡ ፒክፎርድና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስታወቁት፣ ከአጥቢ እንስሳ የተዘጋጀ ፕሮላክቲን ሲወጋ ይኸው ዓሣ ጨው አልባውን ውሃ ተቋቁሞ ኖረ፡፡ ፕሮላክቲን እናቶችን ወተት እንዲያግቱ የሚያደርገው ሆርሞን ነው፡፡ በዓሣ ዘንድ ያው ደብዳቤ «ጨውህን ጠብቅ» ተብሎ ይነበባል፡፡ የደብዳቤው ትርጉም ያለው በአንባቢው ዘንድ ነው፡፡

ኮርቲሶል ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ይገርማል፡፡ እኛ ለጨው አስተዳደር አልዶስቴሮን የሚባል የተለየ ሆርሞን አለን፡፡ አጥንታም ዓሦች ይህ ሆርሞን ስለሌላቸው ኮርቲሶል ሁለቱን ወንበር ደርቦ ይሠራል፡፡ ከፕሮላክቲን ጋር ሲመጣ ስንጥቡን ለወንዝ፣ ከዕድገት ሆርሞን ጋር ሲመጣ ደግሞ ለባሕር ያሰናዳዋል፡፡ አንድን ደብዳቤ በግልባጩ ማን እንዳለ አይቶ መተርጎም የእኛ ቢሮክራሲ ብቻ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው፡፡

የሳልመን ቀጠሮ

የመልእክቱ መበላሸት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል አጉልቶ የሚያሳየው የአትላንቲክ ሳልመን ነው፡፡ ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፡፡ እንደ አካባቢው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ጥቂት ዓመታት እዚያው ቆይቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ባሕር ውስጥ ወፍሮ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል፡፡

የሚደንቀው ዝግጅቱን ገና ጨው ሳይቀምስ መጀመሩ ነው፡፡ በእነሱ አገር ክረምቱ አልፎ ቀኑ መርዘም ሲጀምር የዓሣው አንጎል ይህን ይመዘግባል፡፡ የዕድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል ከፍ ይላሉ፣ ፕሮላክቲን ይቀንሳል፡፡ ቡናማው የወንዝ ዓሣ እንደ ብር ያብለጨልጫል፡፡ በዚህ ደረጃ ላይ ያለው ዓሣ ስሞልት ይባላል፡፡ ስንጥቡ ውስጥ የኮርቲሶል ተቀባዮች ይበዛሉ፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የዕድገት ሆርሞኑ ራሱ ተቀባዮቹን ማብዛቱ ነው፡፡ አንዱ ደብዳቤ የሌላውን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ያሰፋል ማለት ነው፡፡ የፓምፑም ዓይነት ይለወጣል፤ ለወንዝ የሚያገለግለው ቀንሶ ለባሕር የሚያገለግለው ይተካል፡፡ ዓሣው ባሕሩ አፍ ሲደርስ ኬላው «አስወጣ» ለሚለው ትእዛዝ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል፡፡

ይህ ዝግጅት ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ እኛ የሕግ ሰዎች ይርጋ እንደምንለው ዓይነት፡፡ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፡፡ ዓሣው በግድብ ምክንያት ቢዘገይ ወይም ውሃው ከልክ በላይ ቢሞቅ ዝግጅቱ ይፈርሳል፣ ስንጥቡም ወደ ወንዝ ጠባዩ ይመለሳል፡፡

ጆሮ ሲደነቁር

መልእክቱ የሚበላሽባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፡፡ ለዛሬ ሦስቱን ልጥቀስ፡፡

አንደኛው የደብዳቤ ብዛት ነው፡፡ ኮርቲሶል የጨው ብቻ ሳይሆን የጭንቀትም ሆርሞን ነው፡፡ በማርቢያ ገንዳ ውስጥ የተጨናነቀ ወይም እየተያዘ የሚንገላታ ዓሣ ኮርቲሶሉ ከፍ ይላል፡፡ «ኮርቲሶል ለባሕር ያሰናዳል ካልን ይጠቅመው ይሆናል» የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ነገሩ እንዲያ አይደለም፡፡ ማርክ ሽሪምፕተንና ዴቪድ ራንዳል እ.ኤ.አ. በ1994 ኮሆ በተባለው የሳልመን ዝርያ ላይ እንዳሳዩት፣ ጭንቀትና የኮርቲሶል ብዛት የስንጥቡን የኮርቲሶል ተቀባዮች ይቀንሳል፡፡ በየቀኑ «አስቸኳይ» የሚል ደብዳቤ የሚጎርፍለት መዝገብ ቤት በመጨረሻ የትኛውንም አስቸኳይ እንደማያደርግ ሁሉ ሴሉም ጆሮውን ይደፍናል፡፡ ከገንዳ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ዓሣ ሲታይ ጤነኛና ወፍራም ነው፤ የጎደለው በዓይን አይታይም፡፡

ሁለተኛው በመዝገብ ቤቱ ሕንፃ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፡፡ የአሲድ ዝናብ ከአፈር ውስጥ አሉሚኒየምን አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርዳል፤ አሉሚኒየሙም በስንጥብ ላይ ይለጠፋል፡፡ በደቡብ ኖርዌይ ብዙ ወንዞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሳልመናቸውን ያጡት በዚህ ነው፡፡ ትምህርቱ ያለው መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ነው፡፡ ዓሣውን ወንዙ ውስጥ የማይገድል ጥቂት አሲድና አሉሚኒየም የስንጥቡን ፓምፕ ያዳክመዋል፤ ዓሣው የሚሞተው ባሕር ሲገባ ነው፡፡ ወንዙን የሚመረምር ባለሙያ አንድም ሬሳ አያገኝም፡፡ ኖርዌይ የጭሱን ምንጭ ከጎረቤቶቿ ጋር በስምምነት ከማስቀነሷም በላይ ወንዞቿ ውስጥ የኖራ ዱቄት እየጨመረች ሳልመኑን ወደ አንዳንዶቹ መልሳለች፡፡

ፎርጅዱ ደብዳቤ

ሦስተኛው ፎርጅድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 ቦስተን አካባቢ በሚገኘው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን አንድ ያልጠበቁትን ነገር አስታወቁ፡፡ የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን ሲያገኙ ብቻ የሚባዙት የጡት ካንሰር ሴሎቻቸው ኤስትሮጅን ሳይሰጣቸው መባዛት ጀምረው ነበር፡፡ ተፈልጎ ተፈልጎ ጥፋቱ የተገኘው ሴሎቹ ከሚቀመጡበት የፕላስቲክ ቱቦ ነበር፡፡ ከፕላስቲኩ የሚሾልከው ኖኒልፌኖል የተባለ ኬሚካል የኤስትሮጅንን ማኅተም አስመስሎ ለተቀባዩ ያቀርባል፤ ተቀባዩም አምኖ ይፈጽማል፡፡

አሁን ወደ ካናዳ እንሂድ፡፡ በምሥራቃዊቷ የኒው ብረንስዊክ ግዛት ደኖች ላይ፣ የጥድ ዘሮችን የሚያወድም ትል ለመቆጣጠር ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ፀረ ተባይ ይረጭ ነበር፡፡ ከእ.ኤ.አ. 1975 እስከ 1985 ከተረጩት አንዱ ማታሲል 1.8ዲ ይባላል፡፡ ተባዩን የሚገድለው ንጥረ ነገር አሚኖካርብ ሲሆን፣ ማሟሟያው ግን ኖኒልፌኖል ነበር፡፡ ማሟሟያ እንደ «አጃቢ» እንጂ እንደ መርዝ አይቆጠርም፡፡ ርጭቱም ስሞልቶች ለባሕር ጉዞ የመጨረሻ ዝግጅታቸውን ከሚያደርጉበት ወቅት ጋር ይገጥም ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ መንግሥት ተመራማሪዎች ሁለት መዛግብት ጎን ለጎን አኖሩ፡፡ አንዱ የት፣ መቼና ምን እንደተረጨ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሌላው በየወንዙ ስንት ሳልመን እንደተያዘ የሚያሳይ ነው፡፡ ከ1973 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ከታዩት ዝቅተኛ የሳልመን መጠኖች ብዙዎቹ ከማታሲል 1.8ዲ ርጭት ጋር ተገጣጠሙ፡፡ ሬስቲጉሽ በተባለው ወንዝ ተፋሰስ በ1977 ብዙ ገባሮች በተረጩ ቁጥር የሚመለሰው ዓሣ አነሰ፡፡ ለሕግ ሰው ልብ የሚያሞቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፡፡ ያው አሚኖካርብ ማታሲል 1.8ኤፍ በሚል ስም ያለ ኖኒልፌኖል ሲረጭ እንዲህ ያለ ዝምድና አልታየም፡፡ ዋና ገዳይ የተባለው በሁለቱም ቦታ ነበር፤ ልዩነቱ አጃቢው ነው፡፡

በቤተ ሙከራም በስሞልትነት ወቅት ኤስትሮጅን ወይም ኖኒልፌኖል የተሰጣቸው ሳልመኖች ጨው የመቋቋም ችሎታቸው ሲዳከም ታይቷል፡፡ የሴትነት መልእክት በሐሰት ሲደርስ ጉበቱ ወንድ ዓሣ ውስጥ ሳይቀር የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል፤ የስንጥቡ ዝግጅት ደግሞ ወደ ኋላ ይጎተታል፡፡ እርግጥ በአነስተኛ መጠን የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ በአንድ ድምፅ አልተናገሩም፡፡ ተመራማሪዎቹም ለጽሑፋቸው የሰጡት ርዕስ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ነበር፡፡

ከሳሽ ማን ነው?

ይህን መዝገብ አንድ ዳኛ ፊት እናቅርበው እንበል፡፡ የተከሳሽ ጠበቃ ምን እንደሚል ከወዲሁ ይታወቃል፡- «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወንዙ ውስጥ የሞተ ዓሣ አልተገኘም፡፡ ዓሣው የጠፋው ባሕር ውስጥ ነው፡፡ ባሕር ውስጥ ደግሞ አሳ አጥማጅ አለ፣ አዳኝ ዓሣ አለ፣ የአየር ለውጥ አለ፡፡ መገጣጠም ምክንያት አይደለም»፡፡ ክርክሩ ውሃ የሚያነሳ ነው፡፡ የድሮው የኬሚካል ፈተናም ያግዘዋል፡፡ የተለመደው የመርዛማነት ፈተና በ96 ሰዓት ውስጥ ከዓሦቹ ግማሹን የሚገድለው መጠን ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ነው፡፡ በአራት ቀን ያልሞተ ዓሣ በዚህ ፈተና ጤነኛ ነው፡፡ የተደነቆረ ስንጥብም ሆነ ፎርጅድ ደብዳቤ ያነበበ ተቀባይ ፈተናውን ያልፋል፡፡

የእኔ ነጥብ ይህ ነው፡፡ ሕጋችን ሬሳ ቆጣሪ ሆኖ ሳለ ሳይንሱ ጉዳቱ የሚጀምረው መልእክት ከሚነበብበት ቦታ መሆኑን አሳይቶናል፡፡ ሁለቱ እስካልተገናኙ ድረስ የሚጠፋው ዓሣ ከሳሽ አይኖረውም፡፡

የአውሮፓ ኅብረት ሙሉ የምክንያትና ውጤት ማስረጃ እስኪቀርብለት አልጠበቀም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ኖኒልፌኖልና ዘመዶቹ በጨርቃ ጨርቅ፣ በቆዳ፣ በፀረ ተባይና በጽዳት ኬሚካሎች ሥራ ላይ እንዳይውሉ በእጅጉ ገደበ፡፡ ከ2021 ጀምሮም ከውጭ የሚገቡትን ጨምሮ፣ የኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት ቅሪት ከክብደታቸው 0.01 በመቶ የደረሰባቸው ታጣቢ ጨርቆች ገበያው ላይ እንዳይውሉ ከለከለ፡፡

ወደ እኛስ ስንመጣ?

እኛ ሳልመንም ባሕርም የለንም፡፡ ቆሮሶ ግን አለን፡፡ ቆሮሶ ከዓለም የቲላፒያ ዘሮች አንዱ ነው፤ የቲላፒያ ዘሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ፕሮላክቲን ያላቸው፣ የሆርሞንና የጨው ጉዳይ ከሳልመን ባልተናነሰ የተጠናባቸው ዓሦች ናቸው፡፡ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንም በጨው መጠን እጅግ ይለያያሉ፡፡ ዝዋይ ወይም ደምበል ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለው አብያታ ግን ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ነው፡፡ አብያታን የሚመግበው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈና ሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት እየተቀዳ ሲሸሽ ጨውነቱ ጨመረ፤ በመጨረሻም ቆሮሶው ጠፋ፡፡ ዓሣውን ይመገቡ የነበሩት የሻላ ፔሊካኖችም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ፡፡ በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ ሶዳ ውስጥ የሚኖር አንድ የቲላፒያ ዘመድ አለ፤ እንደ ሌሎቹ ዓሦች አሞኒያ ሳይሆን እንደኛ ዩሪያ እያስወገደ ይኖራል፡፡ እሱ ግን ለዚያ የበቃው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ነው፡፡ ተቀባይ ደብዳቤ ማንበብ ይችላል እንጂ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አዲስ ፋብሪካ መሥራት አይችልም፡፡

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ፡፡ አቤቱታው በሠላሳ ቀን ካልተወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው በስልሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችልም አደረገ፡፡ «ሊያደርስ በሚችል» የሚሉትን ቃላት አስምሩባቸው፡፡ ሬሳ አይጠይቁም፡፡ ዓሣ ራሱ መክሰስ ስለማይችል ሕጉ ለማናችንም ውክልና ሰጥቶናል ብል ማጋነን አይሆንም፡፡

ይሁን እንጂ መብት ያለ ማስረጃ እጅ እንደሌለው ሰው ነው፡፡ የካናዳው ጉዳይ ሊነሳ የቻለው ሬሳ ተገኝቶ ሳይሆን ሁለት ዓይነት መዝገብ ለዓመታት ተጠብቆ ስለቆየ ነው፡፡ አንድ ሰው ምን እንደተረጨ ጻፈ፤ ሌላ ሰው ስንት ዓሣ እንደተያዘ ጻፈ፡፡ ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ስለ ሆርሞን ተቀባይም ሰምተው አያውቁ ይሆናል፡፡ ማስረጃውን ያቆሙት ግን እነሱ ናቸው፡፡

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፡፡ በሐይቆቻችን ዳር የሚረጭ ፀረ ተባይ ሁሉ ከነማሟሟያው ስሙ ተዘርዝሮ ይመዝገብ፤ «አጃቢ ንጥረ ነገር» የሚል ጥቅል ስም አይብቃን፡፡ የተረጨበት ቀንና ቦታ ይጻፍ፡፡ በየማኅበሩ የሚወርደው ዓሣ በዓይነቱ ተመዝኖ ይመዝገብ፡፡ የፍሳሽ ቁጥጥሩ ውሃው ምን ያህል አሲድ እንደሆነና ኦክስጅኑን ምን ያህል እንደሚሻማ ከመለካት አልፎ፣ ሆርሞን የሚያስመስሉ ኬሚካሎች ይኖሩበት እንደሆነም ይጠይቅ፡፡ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የባዮሎጂ ክፍሎችና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አለመነጋገራቸውም ያብቃ፡፡

ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ጠበቃ «ዓሣው ወዴት ሄደ?» ብሎ ሲነሳ ሬሳ እንደማያገኝ ከወዲሁ እናውቃለን፡፡ ቢያንስ መዝገብ ያግኝ፡፡